ነቀዝ በእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ላይ

እንቁጣጣሽ ሲደርስ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ልጆች በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ሥዕሉን የተቀበለ ጎረቤት ጥቂት ብር ይሰጣል፤ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሰነብታል። በመደብር የሚሸጠው የታተመ ካርድም ከአደይ አበባ፣ በአፋን ኦሮሞ ከኬሎ፣ ብዙ አይርቅም።

በውጭ አገራት ግን በሰላምታ ካርድ ላይ በአጉሊ መሣሪያ የተነሣ ነፍሳት ተባይ የሚያትሙ አሉ። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው መሣቁ አይቀርም፤ ለበዓል ተባይ መላክ ምን ይባላል? ይሁንና በቆሎ ዋነኛ ሰብሉ ለሆነው ለወለጋ ገበሬ ሐሳቡ ከሣቅ ያለፈ ጥቅም አለው።

ተባይን አጉልቶ የማሳየት ሥራ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ቁንጫንና ቅማልን በተጣጣፊ ትልቅ ሥዕል አሳይቶ አንባቢዎቹን አስደንቋል። ዛሬ ለካርድ የሚመረጡት ምስሎች በአመዛኙ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚነሡ ናቸው። መሣሪያው በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን ጨረር ስለሚሠራ የሚያወጣው ምስል ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። በካርዱ ላይ የሚታየው ቀይና ሰማያዊ በኋላ በኮምፒውተር የተጨመረ በመሆኑ፣ በቀለሙ ተባዩን ለመለየት የሚሞክር ሰው ይሳሳታል።

ከቀለሙ ይልቅ ግን መጠኑ ያሳስታል። በብዙ አገሮች የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። የጤና አስተማሪ ትልቅ የዝንብ ሥዕል ዘርግቶ ዝንብ በሽታ እንደምታመጣ ሲያስረዳ፣ ከአድማጮቹ አንዱ «ዕድለኞች ነን፤ የእኛ ዝንቦች እንዲህ ግዙፍ አይደሉም» አለ ይባላል። ስለዚህ ከጎላው ምስል ጎን ተባዩ በትክክለኛ መጠኑ፣ ለምሳሌ በአንድ የበቆሎ ፍሬ ላይ ተቀምጦ፣ መታየት አለበት።

የትኛው ተባይ ይታተም? ብዙዎች የአሜሪካ መጤ ተምችን እንደሚመርጡ መገመት ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ይህ ተምች በግንባሩ ላይ የተገለበጠ «ዋይ» ፊደል የሚመስል ፈዛዛ መስመር፣ በጅራቱ አቅራቢያ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ ከአፍሪካ ተምችና ከአገዳ ቆርቁር የሚለየውም በእነዚህ ነው። ነገር ግን ዕንቁላሉንና ትንንሽ ትሎቹን በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ የሚያዋጣው በቆሎው ገና ለጋ ሳለ፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። ትሉ አድጎ ወደ በቆሎው ልብ ከገባ በኋላ ርጭትም በቀላሉ አይደርስበትም። በመስከረም በቆሎው እሸት ሆኗል። የተምች ካርድ ቢታተም መላክ ያለበት በግንቦት ነው።

ለእንቁጣጣሽ የሚስማማው ነቀዝ ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን ሲታይ ጥቁር ነጥብ ይመስላል። ሲጎላ ግን ከራሱ ወደ ፊት የተዘረጋው ረጅም አፍንጫ መሳይ አፉና በክንፍ ሽፋኑ ላይ ያሉት አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እንስቷ በዚያ አፍ ፍሬውን ቦርቡራ አንድ ዕንቁላል ትጥልና ቀዳዳውን ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ትደፍናለች። ትሉ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ስለሚያድግ ከውጭ ምንም አይታይም። በሞቃትና እርጥበት ባለው ሁኔታ 35 ቀን ገደማ ቆይቶ ጎልማሳው ነቀዝ ፍሬውን ቀድዶ ይወጣል። ብዙ ገበሬ ነቀዝ በጎተራ የሚፈጠር ይመስለዋል፤ ተባዩ ግን በቆሎው መድረቅ ሲጀምር በማሳ ላይ እያለ ይገባበታል። ካርዱ በመስከረም ቢደርስ ሊጠቅም የሚችለው ለዚህ ነው፤ ከአጨዳ በፊት ጎተራውን ጠርጎ ያለፈውን ዓመት ፍሬ ለማስወገድ ገና ጊዜ አለ።

በካርዱ ጀርባ ከመልካም ምኞቱ በታች ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አንደኛው እህሉ በደንብ ሳይደርቅ እንዳይከተት የሚል ነው። መድረቁን ለማወቅ ጥቂት ፍሬና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ከድኖ መነቅነቅ ይቻላል፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ሁለተኛው አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት እንዲቀመጥ የሚል ነው፤ ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ሲጨርስ ይሞታል። ከረጢቱ በየጊዜው ከተከፈተ ግን ጥቅሙ ይቀራል።

በከተማ በመኝታ ክፍል ጥግ እህል የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ መስመር ያሻቸዋል። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው የፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ስለሚለቅ፣ ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ መግባት የለበትም።