ያልተጠየቀው ሕመም

በ2025 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ ከ90 በላይ አገሮች የእናቶችን ጤና ሲለኩበት የኖሩት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፕሮግራምም አብሮ ቆመ። ዲላ ተቀምጦ ስለ ጌዴኦ እናቶች ለሚያጠና ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጥናቱ ብዙ አሳይቶናል። በኢትዮጵያ በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 48 ደረሱ። የቤተሰብ ምጣኔና የቅድመ ወሊድ ክትትል ደጋግመው ተጠንተዋልና አልቆይባቸውም። በ2018 ግጭት ከተፈናቀሉት የጌዴኦ እናቶች መካከል በመጠለያ የወለዱት ግን ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይገባቸው ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የማህፀን መውጣት ነው። ሌላው የወሊድ ጉዳት፣ ፊስቱላ፣ ተሟጋች አግኝቷል፦ ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሐምሊኖች በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፣ በ1974 ሆስፒታላቸውን ከፈቱ፤ ለዲላ ቅርብ በሆነችው ይርጋለምም ማዕከል አላቸው። አገራዊው ጥናት በ2005ም በ2016ም ስለ ፊስቱላ ሴቶችን ጠይቋል። ስለ ማህፀን መውጣት አልጠየቀም። የምናውቀውም በአብዛኛው ሐኪም ቤት ከደረሱት ነው፤ ያልደረሰችው አትቆጠርም።

ቤት ለቤት ሲኬድ ምን እንደሚገኝ በሰሜን ጎንደር ዳባት ታይቷል። በ2013 በታተመው ጥናት ከተጠየቁት 395 ሴቶች ምልክቱ አለብኝ ያሉት 6.3 በመቶ ነበሩ። ከ395ቱ መካከል ምርመራ ከተደረገላቸው ግን ከግማሽ በሚበልጡት የማህፀን መውረድ ተገኘ። ሁሉም ታማሚ ናቸው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ገና አልተሰማቸውም። በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ሸክም መሸከምና የተራዘመ ምጥ ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ታይተዋል።

ይህን ሳነብ ጌዴኦ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች፦ ቁልቁለት ላይ የተተከለ ቡናና እንሰት፣ እንሰት የምትፍቅ፣ ውሃና እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ አራስ። ዩኔስኮ በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው መልክዓ ምድር የቆመው በእነዚህ ሴቶች ጉልበትም ጭምር ነው።

የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 የማህፀን መውጣትን የሴቶች መብት ጥሰት ብሎ መንግሥት እርምጃ እንዲወስድ አዝዟል። እኛ ዘንድ ለጅምሩ ፍርድ ቤት አያስፈልግም። ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የሚወጣ የጥናት ቡድን በመጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ በጌዴኦኛ፣ በሴት ጠያቂ፣ ባልና አማት በሌሉበት፦ «ቁጭ ስትዪ ወደ ታች የሚወርድብሽ ነገር አለ?»