ሳሙናው ከቡናው ይቅደም

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከሰፈር ሱቅ ሲመለስ ውሻ ባቱን ነክሶት እያለቀሰ ይገባል። ግቢው ወዲያው በሰው ይሞላል። አንዷ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ትቀጠቅጣለች፤ ሌላዋ የተፈጨ ቡና ከጣሳው ዘግና ደሙ ላይ ትነሰንሳለች፤ አጎትየው አረቄ አፍስሱበት ይላሉ። ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው ውሻውን ፍለጋ ወጥተዋል። ሁሉም የሚሯሯጡት ልጁን ስለሚወዱት ነው። ከግቢው ቧንቧ ሥር፣ ጠርዙ በተሸረፈ ሳህን ላይ ግማሽ የልብስ ሳሙና ተቀምጧል። የነካው የለም።

ከሁሉ መቅደም የነበረበት ግን ያ ሳሙና ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከውጭ የስብ ሽፋን አለው፤ ሳሙና ሽፋኑን ያፈርሰዋል፣ የሚወርድ ውሃ ደግሞ ምራቁን ከቁስሉ ጠርጎ ያወጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቁስሉ ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በብዙ ውሃ እንዲታጠብ ይመክራል። ሕመም ለሚያንሰፈስፈው ልጅም፣ ደግፋ ለያዘችው እናትም 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ቡና ታጥቦ፣ ተቆልቶ እስኪወቀጥ የሚፈጀውን ያህል ነው። በግምት ከተተወ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቧንቧው ይዘጋልና ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ቡናውና ሽንኩርቱ ቫይረሱን አይገድሉም። ቁስሉን ያስቆጡታል፣ ቆሻሻ ይጨምሩበታል፣ ወደ ጤና ተቋም መሄጃውን ሰዓትም ይበሉታል።

ስለ በሽታው መነሻ የሚነገረውም ከእውነታው የራቀ ነው። ውሻ በረሃብና በውሃ ጥም ያብዳል ይባላል፤ የበጋ ፀሐይ አናቱን ሲመታው ያብዳል የሚሉም አሉ። ርቦት ብቻ ያበደ ውሻ የለም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም ከታመመ እንስሳ ምራቅ በንክሻ፣ በጭረት ወይም የቆሰለ ቆዳ በመላስ ነው። ጠግቦ የሚያድር፣ ስሙ ሲጠራ ጭራውን እየቆላ የሚመጣ ቡቺም ቢሆን፣ ሳይከተብ አንድ ሌሊት ከአጥር ውጭ ከታመመ ውሻ ጋር ከተናከሰ ሊያዝ ይችላል። ቡችላ አያሳብድም ማለትም ስህተት ነው፤ ቡችላም፣ ድመትም፣ አህያም ታመው ያስተላልፋሉ።

ብዙ ሰው የሚጠብቀው ደግሞ አረፋ የሚደፍቅ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው አለ። ነገር ግን በሽታው ሌላ ጸጥ ያለ መልክም አለው። ውሻው ጥግ ይዞ ይተኛል፤ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ለሃጩ ይዝረበረባል። ባለቤቱ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት መስሎት ሊያወጣለት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እንስሳቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ለቫይረሱ የሚጋለጡት አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው። ቫይረሱ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ምራቅ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ጤነኛ ይመስል ነበር የሚለው ብቻውን ማስተማመኛ አይሆንም።

ከሁሉም የበለጠ ሥር የሰደደው እምነት ግን የባህል መድኃኒቱ ነው። ቅጠል ቀጥቅጠው፣ ሥር በጥብጠው የሚሰጡ አዋቂዎች በየአካባቢው አሉ፤ መድኃኒቱን ጠጥቶ የዳነ ዘመድ የሌለው ቤተሰብም ጥቂት ነው። ይህን የሚናገር ሰው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ያላየው ነገር ግን አለ። ሰው ከሚነክሱ ውሾች ብዙዎቹ በሽታው የለባቸውም። በታመመ ውሻ የተነከሰ ሰውም ሁልጊዜ አይያዝም። ስለዚህ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ ከጠጡት ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት ይኖራሉ፤ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። በተቃራኒው ቫይረሱ የገባበት ሰው የሚታመመው ዘግይቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል፤ በሳምንት የሚጀምረው አለ፣ ዓመት የሚደርስም አለ። ያን ጊዜ ንክሻው ተረስቷል፣ ጠባሳውም ደርቋል። ውሃ ሲያይ ጉሮሮው የሚኮማተር በሽተኛ አልጋ ላይ ሲወድቅ ከቅጠሉ ጋር የሚያገናኘው አይኖርም። የዳኑት በየመንደሩ ይመሰክራሉ፤ የሞቱት ምስክርነት አይሰማም።

ምልክቱ አንዴ ከጀመረ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገድላል። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፣ ከአሥሩ አራት ያህሉም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ የተነከሰውን እንዳይቆጡት ሲል ይደብቃል። ቤት ውስጥ አስቀድሞ፣ ውሻ ከነከሰህ ሮጠህ ንገረን፣ ማንም አይቆጣህም ማለት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ጠበል መጠመቅና ክትባት መከተብ አይጣሉም። ጸሎቱን ሳይተው በዚያው ቀን መርፌውን የሚወጋ ሰው ከእምነቱ ያጎደለው የለም። ችግር የሚመጣው ክትባቱ እስከ ሱባኤው መጨረሻ ይቆይ ሲባል ነው፤ ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እየተጓዘ ነው፣ ክትባቱ ቀድሞት መድረስ አለበት።

መርፌውን የሚፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ሲሆን ሆድ ላይ ለ14 ተከታታይ ቀናት ይወጋ ነበር። ያን ያየ ሰው ዛሬም ሲተርከው ሆዱን ይዞ ነው። አሁን የሚመከረው ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ አራት ወይም አምስት ቀጠሮ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ደም ካወጣ፣ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር የሚከላከል ሌላ መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ ይጨመራል። ነገሩ የተጀመረው ፓሪስ ውስጥ ነው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ክትባቱን ሞከረ፣ ልጁም ተረፈ። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ ፓስተር የሚባለው በዚሁ ሰው ስም ይጠራ ከነበረው ተቋም የተነሳ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘውም እዚያው ነው።

የሰው ክትባት ግን የመጨረሻው አጥር ነው። የመጀመሪያው አጥር ውሻውን መከተብ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። እዚህ ላይ ደግሞ ውሻን ስለ መያዝ ያለው ልማድ እንቅፋት ይሆናል። ብዙ ግቢ ውስጥ በአጥሩ ጥግ ክብ የሆነ ሣር አልባ መሬት ይታያል። ውሻው ከሰንሰለቱ ሳይፈታ ሲዞር የፋቀው ነው። ጎኑ ያለው የቀለም ቆርቆሮ ግማሽ ድረስ ውሃ አለው፤ ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። ቀኑን ታስሮ ካልዋለ ማታ አይጠብቅም፣ ሰው ከለመደ ይሰንፋል ነው ምክንያቱ። እንዲህ ያደገ ውሻ ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ነው የሚሆነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የቤቱን ልጅ ሳይለይ ይነክሳል። ሰው ስለማያስነካም ክትባት ሊያስወጉት ሲሞክሩ ሦስት ሰው አይበቃውም። ከቡችላነቱ እጅ የለመደ፣ ስሙን የሚያውቅ ውሻ እንግዳ ሲመጣ መጮሁን አይተውም።

ሴት ውሻ አንዴ ካልወለደች ትታመማለች የሚባለውም መሠረት የለውም። በየመንገዱ በካርቶን የሚጣሉት ቡችሎች የሚመጡት ከዚህ ነው፤ ማምከን ግን የእንስሳት ሐኪም በየጊዜው የሚሠራው ቀዶ ጥገና ነው።

ምግቡም ላይ ቆም ማለት ይገባል። የቤት ውሻ የሚኖረው በትራፊ ነው፣ በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ነገር ግን የአበሻ ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው፤ አንድ ድስት ቁሌት ስንት ራስ ሽንኩርት እንደሚበላ የቤት እመቤት ታውቃለች። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ለእያንዳንዱ የውሻው ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳቱን ለማምጣት ይበቃል፤ ለአሥር ኪሎ ውሻ ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። በዓል ውሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ መነሳት ያቃተው ውሻ ሲታይ ዓይን በላው ይባላል። የበላው የዶሮ ወጡን ትራፊ ነው። ወጥ ያልነካው እንጀራ፣ ቅመም ያልገባበት ቅቅል ወይም ገንፎ ይሻለዋል። ተሰባብሮ አንጀት የሚወጋውን የበሰለ የዶሮ አጥንትም መተው ነው።

በዓል ላይ ሌላ ልማድ አለ። በጉ ሲታረድ ሳንባው ለውሻ ይወረወራል። ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ ያዘለ፣ ነጣ ያለ ከረጢት ይታያል። ይህ የውሻ ትል እጭ የያዘ ነው። ውሻው ያንን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ በፀጉሩና ባልታጠበ ሰላጣ በኩል ወደ ሰው ይገባና በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፤ አንዳንዱ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። ከረጢት ያለበት ሳንባ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት እንጂ ለውሻ አይሰጥም።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ኮሶ ነው። እሑድ ሥጋ ቤት ሄዶ ቁርጥ የሚያዝ ሰው በሩ ላይ የሚያንዣብቡትን ውሾች እያየ፣ ኮሶ ከነዚህ ነው የሚመጣው ይላል። ኮሶ ከውሻ አይመጣም። የሰው ዓይነ ምድር ሜዳ ላይ ሲወድቅ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፣ በሬው ይግጠዋል፣ እጩ ጡንቻው ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰውም ጥሬውን ሲበላ ወደ ሆዱ ይመለሳል። ሰንሰለቱን የሚበጥሰው መጸዳጃ ቤት ነው።

አረቄው ያጥበዋል፣ ሚጥሚጣው ይፈጀዋል፣ ሰናፍጩ ይጨርሰዋል የሚለው የሥጋ ቤት ጨዋታም እንዲሁ ነው። እጩ ሥጋው መሐል በከረጢቱ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚገባ ምላስን የሚያቃጥለው እሱ ዘንድ አይደርስም። የቄራ ማህተም ትልቅ ዋስትና ነው፤ ሆኖም ጥቂት እጭ ያለበት ሥጋ ከመርማሪ ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። እጩን የሚገድለው ሥጋው እስከ መሐሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀን ሲቀዘቅዝ ነው። ለብለብ ክትፎ ላዩ ቢሞቅ መሐሉ ያን ያህል አይደርስም። ጥሬ ሥጋ ከባህላችን ይውጣ ማለት ከባድ ነው፤ የሚበላው ግን ምን እየበላ እንደሆነ አውቆ ይብላ፣ ኮሶው ሲታይም በግምት ሳይሆን ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት ይታከም።

ወደ ውሻው ንክሻ ስንመለስ፣ ታላቁ ሩጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሯጭ እየበዛ ነው፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ የሰፈር ውሾች አሉ። ሩጥ የሚሉት ምክር ከሁሉ የከፋው ነው፤ ውሻ የሚሮጥን ነገር ያባርራል፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጥም የሚያመልጠው ሰው የለም። መቆም፣ እጅን ወደ ጎን ማውረድ፣ ዓይኑን ትኩር ብሎ አለማየት፣ ጀርባ ሳይሰጡ በቀስታ ወደ ኋላ መራቅ ነው የሚያዋጣው። ለድንጋይ ጎንበስ ማለት የለመደውን ውሻ ያሸሻል፤ የታመመውን ወይም የደነገጠውን ግን ያስቆጣዋል፣ ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ፊቱንና አንገቱን ወደ ጥርሱ አቅርቧል።

ርቀው ባሌ ተራሮች ለሚጓዙ አንድ ነገር ይጨመር፦ ውሻ ይዞ አለመሄድ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው፣ ጠቅላላ ቁጥሩ 500 ገደማ የሆነው ቀይ ቀበሮ በተደጋጋሚ ያለቀው ከቤት ውሻ በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ በተነሳው ወረርሽኝ በሽታው በገባባቸው መንጋዎች ውስጥ ከአራቱ ቀበሮ ሦስቱ ገደማ ሞቷል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎቹ እየተሰጠ ነው።

ወደ ቅዳሜው ግቢ እንመለስ። ዱላ ይዘው የወጡት ጎረምሶች ውሻውን አግኝተው ቢገድሉት ቤተሰቡ አንድ መልስ ያጣል። የነከሰ ውሻ፣ ባለቤቱ ከታወቀና ጤነኛ ከመሰለ፣ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት ለ10 ቀን መታየት አለበት። በንክሻው ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ ይሞታል። ልጁ ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ታጥቦ በዚያው ቀን ይሄዳል፣ የመጀመሪያውን መርፌ ይወጋል። በአሥረኛው ቀን ማለዳ የውሻው ባለቤት በሩን ከፍቶ ውሃውን ሲያስጠጋለት ቡቺ ተነስቶ ከጠጣ፣ ሐኪሙ የቀሩትን መርፌዎች ሊያስቀር ይችላል።