ሳያጨሱ በሲጋራ እንቅልፍ ማጣት

አገና ውስጥ ማታ ግሮሰሪ የምትሠራ አስተናጋጅ አስቡ። እሷ አታጨስም፤ ደንበኞቿ ግን ያጨሳሉ። ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ለምን?

ከጭሱ ጋር የምትስበው ኒኮቲን ጥቂት ቢሆንም አንጎልን የሚያነቃቃ ነገር ነው። ደም ውስጥ የገባው በግማሽ እስኪቀንስ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጭሱ አፍንጫና ጉሮሮንም ያስቆጣል፤ ሳሉ እንቅልፏን ይቆራርጠዋል። እርግጥ ነው፣ እስከ እኩለ ሌሊት መሥራት ራሱ እንቅልፍ ያዛባል፤ ጭሱ ደግሞ ይብስበታል።

መስኮት መክፈት ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መፍትሔው ቤት ውስጥ አለማጨስ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112ም ይህንኑ ያዛል። እናም ‹‹ከበሩ 10 ሜትር ራቅ ብለው ያጭሱ›› ብትል፣ መብቷን ነው የጠየቀችው።