በገጠር ሜን ያልተጠበቀችው ዴሞክራት

በአሜሪካ ገጠራማ አካባቢዎች በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ለግዛት ምክር ቤት፣ ማለትም የግዛቱን ሕግና በጀት ለሚያወጣው አካል መወዳደር አስቀድሞ የተሸነፉበት ፉክክር ተደርጎ ስለሚታይ፣ ፓርቲው በብዙ የምርጫ ክልሎች እጩ እንኳ ሳያቀርብ ይቀራል፤ ይህም መራጩን አማራጭ የሚያሳጣ ከባድ ጉድለት ነው።

በሰሜን ምሥራቋ የሜን ግዛት ገጠር ያደጉት ክሎዊ ማክስሚን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 አንድም ዴሞክራት አሸንፎበት በማያውቀው 88ኛው የምርጫ ክልል ተወዳድረው 151 መቀመጫ ላለው የግዛቱ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ2020 ደግሞ በግዛቱ ሴኔት የሪፐብሊካኖቹ መሪ የነበሩትን ዳና ዳውን አሸነፉ። ስልታቸው የፓርቲ አማካሪዎች ከሚያዘጋጁት የማስታወቂያ ዘመቻ ይልቅ በኮረኮንች መንገድ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ፣ ሌሎች ዴሞክራቶች የማያንኳኩትን የሪፐብሊካን ደጋፊ በር ጭምር እያንኳኩ፣ ከመናገር በፊት ማዳመጥ ነበር። ኮሮና በተስፋፋ ጊዜም በጎ ፈቃደኞቻቸው ለአረጋውያን እየደወሉ ድምፅ ከመጠየቅ ይልቅ የጎደላቸውን ይጠይቁ ነበር፤ የዚህ ጸሐፊ እምነትም ከሁሉ በላይ መራጩን ያቀረበው ይህ መሆኑ ነው።

የሜን ሕግም ለእንዲህ ዓይነቱ እጩ መንገድ ይከፍታል፤ በ1996 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው «የንጹሕ ምርጫ» ሥርዓት ከመራጮች የተወሰነ ቁጥር ያለው የ5 ዶላር መዋጮ ያሰባሰበ እጩ የባለሀብቶችን ገንዘብ ትቶ በመንግሥት ገንዘብ እንዲወዳደር ይፈቅዳል።

ማክስሚን በ2022 ዳግም አልተወዳደሩም፤ በዚያው ዓመት ግን ከምርጫ ዘመቻቸው ኃላፊ ከካንየን ውድዋርድ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፓርቲያቸው ገጠሩን ችላ ማለቱን በግልጽ ተችተዋል።