ከበረሃው ያልተመለሰው አውሮፕላን

የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን «ትዋይላይት ዞን» የተሰኘውን ድራማ ሁለተኛ ዙር የከፈተው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1960 ነበር። የዕለቱ ክፍል «ኪንግ ናይን አይመለስም» ይባላል። የፈጀው ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢሆንም የነካው ጉዳይ ዛሬም አላረጀም።

ዘመኑ 1943 ነው። ካፒቴን ጄምስ ኢምብሪ (ተዋናዩ ሮበርት ከሚንግስ) በአፍሪካ በረሃ ከወደቀው ቦምብ ጣይ አውሮፕላኑ አጠገብ ይነቃል። ባልደረቦቹ የሉም። ሲፈልጋቸው የአንዱን መቃብር ያገኛል። ሌሎቹ ደግሞ ለዓይኑ ብልጭ ብለው ይሰወሩበታል። በዚህ መሐል ጄት አውሮፕላኖች በላዩ ያልፋሉ። በ1943 ስለነዚህ ጄቶች ሊያውቅ አይገባም፤ ግን ያውቃል።

ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለም። «ሌዲ ቢ ጉድ» የተባለው ቢ-24 ቦምብ ጣይ አፕሪል 4 ቀን 1943 ከሊቢያ፣ ቤንጋዚ አቅራቢያ ከሚገኘው የሶሉክ ጣቢያ ተነሥቶ የጣሊያንን ናፖሊ ወደብ ሊደበድብ ሄደ። ለዘጠኙ የበረራው አባላት አብረው የወጡበት የመጀመሪያ ግዳጅ ነበር። በጨለማ ሲመለሱ ጣቢያቸውን ሳያዩ አልፈውት በረሃው ውስጥ ዘለቁ። ነዳጁ ሊያልቅ ሲል በፓራሹት ወረዱ፤ አውሮፕላኑ ያለ ሰው ጥቂት በርሮ አሸዋው ላይ አረፈ። ባሕር ውስጥ እንደ ሰጠመ ተገመተ፤ ፋይሉም ተዘጋ።

በ1958 ነዳጅ ፈላጊዎች ከአየር ላይ አዩት። በ1959 በምድር ሲደረስበት ሬዲዮው ይሠራ ነበር፤ ውኃና ምግብም ነበረበት። ሰው ግን አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1960 የአምስቱ አስከሬን ተገኘ። ግማሽ ኮዳ ውኃ ለስምንት ተካፍለው በዚያ ሐሩር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ተጉዘዋል። የረዳት አብራሪው የዕለት ማስታወሻ አፕሪል 12 ላይ ይቆማል።

ደራሲው ሮድ ሰርሊንግ ይህን ዜና ወስዶ አውሮፕላኑ እንዴት እንደ ጠፋ ከመተረክ ይልቅ ሌላ ጥያቄ አነሣ፦ አብሮ መሄድ ሲገባው የቀረ ሰው ቢኖርስ? በድራማው ኢምብሪ የሚነቃው ሆስፒታል ውስጥ ነው። በ1943 በዚያ በረራ ላይ አልነበረም፤ ታምሞ ቀርቶ ሌላ ሰው ተተክቶለታል። ከ17 ዓመት በኋላ አውሮፕላኑ መገኘቱን ጋዜጣ ላይ ሲያነብ አእምሮው ተናወጠ። ሐኪሞቹ ነገሩን ቅዠት ነው ብለው ይደመድማሉ። ነርሷ ጫማውን ስታነሣ ግን አሸዋ ይፈስሳል።

ሰርሊንግ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ የተዋጋ ፓራሹተኛ ነበር፤ የጦር ጓደኛው ሲሞት በዓይኑ አይቷል፤ ከጦርነቱም በኋላ ለዓመታት በቅዠት ተሠቃይቷል። ሐኪሞች ዛሬ «የተራፊ ጸጸት» የሚሉት ስሜት ይህ ነው። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም፤ በሕይወት መኖሩ ብቻ እንደ ዕዳ ይከብደዋል።

ስለዚህ የአሸዋው ምስጢር ተመልካችን ለማስደንገጥ ብቻ የገባ አይደለም። ሐኪም «አልነበርክም» ሊለው ይችላል፤ ማስረጃውም ትክክል ነው። ኢምብሪ ግን 17 ዓመት ሙሉ ከዚያ በረሃ አልወጣም።