የመርሳት በሽታ በጭንቅላት ምስል ይታወቃል?

ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት በሽታ በምስል ብቻ አይረጋገጥም። ዲሜንሺያ የሚባለው የማስታወስ፣ የማገናዘብ፣ የመናገርና አቅጣጫ የመለየት ችሎታ ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ ሰውየው የዕለት ኑሮውን ብቻውን መምራት ሲያቅተው ነው። ይህን የሚያሳየው የሰውየው ውሎ ነው። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ለመመለስ ያግዛሉ፦ ድካሙን ያመጣው ምንድን ነው? በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች 57 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከሕመምተኞቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አልዛይመር አለባቸው። በእኛ አገር ግን አብዛኛው ሰው "ጃጁ"፣ "ዕድሜ ተጫናቸው" ተብሎ ይታለፋል፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በስሙ የሚጠራውን በሽታ ሲገልጽ ማስረጃውን ያገኘው ታካሚው ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ነው። ተራ ራጅ አጥንቱን እንጂ አንጎሉን ስለማያሳይ፣ የሕያው ሰው አንጎል ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሐኪም ዓይን ተሰውሮ ቆየ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ታካሚ በሲቲ ስካን ስትመረመር ይህ ተለወጠ። ኤምአርአይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምስሉ በመጀመሪያ የሚጠቅመው ዲሜንሺያ የሚመስል፣ ግን ሊታከም የሚችል ነገር እንዳለ ለማየት ነው። አንድ ሽማግሌ ከመኪና ሲወርዱ ጭንቅላታቸው ተመታ እንበል። ሕመሙ በማግሥቱ ስለተዋቸው ረሱት። በዕድሜ ብዛት አንጎል ሲሟሽሽ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ደም መላሾች ስለሚወጠሩ፣ ትንሽ ምት ይበጥሳቸዋል፤ ደሙ ለሳምንታት እየተንጠባጠበ ይጠራቀማል። ሰውየው ይረሳሉ፣ ቀን እንቅልፍ ይጥላቸዋል፣ አንድ እግራቸውን መጎተት ይጀምራሉ። ቤተሰቡ እርጅና ነው ይላል። ሲቲ ስካኑ ግን በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል እንደ ጨረቃ ማጭድ የታጠፈ ጥላ፣ ከጎኑም የተገፋ አንጎል ያሳያል። ቀዶ ሐኪም የራስ ቅሉን በጠባቡ በስቶ ደሙን ሲያፈስ፣ ጃጁ የተባሉት ሰው ልጆቻቸውን በስም ሊጠሩ ይችላሉ። ዕጢ፣ በአንጎል ውስጥ የተቋጠረ ቲቢና በአንጎል ክፍተቶች የሚጠራቀም ውኃም እንዲሁ በምስል ይታያሉ። የመጨረሻው የሚታወቀው ከመርሳቱ ጋር አካሄድ ሲበላሽና ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት ነው።

ቀጥሎ ምስሉ የድካሙን ዓይነት ይጠቁማል። ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ በአንጎል ውስጥ ተሸጉጦ የሚገኘው ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ቦታ ነው፤ አልዛይመር ቀድሞ የሚያመነምነውም እሱን ነው። ኤምአርአይ አንባቢው መመንመኑን ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። የደም ግፊት ለዓመታት የጎዳቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ደግሞ በኤምአርአይ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያሉ። ሆኖም መሟሸሽ በጤነኛ አረጋዊም ላይ ይታያል። "ከዕድሜ ጋር የሚሄድ የአንጎል መሟሸሽ" የሚል ውጤት ይዞ የተመለሰ ቤተሰብ፣ በሽታ ተገኘ ብሎ ሊደነግጥ ወይም ምንም የለም ብሎ ሊዘናጋ አይገባም፤ ያ ቃል ብቻውን ሁለቱንም አይልም።

ታዲያ የሚረሳ ሰው ሁሉ ይመርመር? ሐኪሞች በዚህ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሁሉም አንድ ጊዜ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይደረግ ብሎ መከረ። የካናዳ ሐኪሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተመረጡት በቂ ነው ብለው ነበር፦ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ፣ በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ለባሰባቸው፣ በቅርቡ ጭንቅላታቸውን ለተመቱ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ፣ ካንሰር ለነበረባቸው፣ አካሄዳቸው ወይም ሽንታቸው ቀድሞ ለተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ሊድን የሚችል ምክንያት የተገኘባቸው 9 በመቶ ያህል መሆናቸውን፣ በእርግጥ የተሻላቸው ግን ከአንድ በመቶ በታች እንደሆኑ አሳየ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ደም ለተጠራቀመበት ሰው ግን ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ክርክሩ አፋር ውስጥ ባለችው ገዋኔ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። በአያሉ ተራራ ግርጌ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የምትገኘው ከተማ ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ወደ ሰመራ አቅጣጫ ሲኬድ ዱብቲ ሆስፒታል አለ። ማሽኖቹም ምስሉን የሚያነቡት ሐኪሞችም በብዛት ያሉት በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። ሪፈር የተባለ አረጋዊ የትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ የአስታማሚና የአፋርኛ አስተርጓሚ ወጪ ይዞ ይጓዛል። ማታ በማያውቀው ክፍል ሲነቃም ግራ መጋባቱ ሊብስበት ይችላል። በዚህ ርቀት የካናዳው መንገድ የተሻለ ነው፤ ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱ ካለ ግን አንድ ቀንም መዘግየት የለበትም።

ከጉዞው በፊት የሚሠራው ብዙ ነው። የደም ግፊት ይለካል፤ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የእንቅርት ዕጢና የቪታሚን ቢ12 እጥረት በደም ይመረመራሉ፤ የሚወሰዱ መድኃኒቶችና ድባቴ ይጠየቃሉ። ዋናው ግን የቤተሰብ ቃል ነው። በስፋት የሚሠራበት የማስታወስ ፈተና ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ሥዕል ቅዳ፣ ቀኑን ከነዓመቱ ተናገር ስለሚል፣ እስክርቢቶ ያልጨበጠ አርብቶ አደር አእምሮው ሙሉ ሆኖ ይወድቃል። 10/66 የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ለዚህ ሲል ያልተማሩ ሰዎችን የማይበድልና የቅርብ ሰው ምስክርነትን የሚመዝን መለኪያ አዘጋጅቷል። አፋር ውስጥ ዳጉ አለ። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ዝናብ፣ ግጦሽና ሰላም ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ ይለዋወጣሉ። ዳጉ የሚጠይቀው የቅርብ ጊዜ ትውስታን ነው፤ አልዛይመር ቀድሞ የሚነካውም እሱኑ ነው። በዳጉ የታወቁ ሰው የጠዋቱን ወሬ ከማን እንደሰሙ ሲጠፋባቸው፣ ያንኑም ደጋግመው ሲነግሩ፣ ቤተሰባቸው ከማንኛውም ማሽን ቀድሞ ያውቃል።

አዲሱ ቴክኖሎጂ ፔት ስካን ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በአልዛይመር ወቅት አንጎል ውስጥ በሚከማቸው አሚሎይድ በተባለ ፕሮቲን ላይ ተለጥፎ ያበራል፤ አሜሪካ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2012 ፈቀደች። በ70ዎቹ ዕድሜ ካሉ በደንብ ከሚያስታውሱ ሰዎች ሩብ ገደማ አሚሎይድ ስላላቸው መብራቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ንጥረ ነገሩ የያዘው ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ስድስት ሰዓት ቢጓጓዝ አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማምረቻው ከማሽኑ ሊርቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካነማብ የተባለ የአልዛይመር መድኃኒት የሚሰጠው አሚሎይድ ለተረጋገጠበት ሰው ነው፤ አንጎል እንዳላበጠና እንዳልደማም በተደጋጋሚ በኤምአርአይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ የፈቀደችው የአልዛይመር የደም ምርመራ ግን ከፔት ይልቅ ሩቅ ላለ ከተማ ተስፋ አለው፤ ናሙና በማቀዝቀዣ ይጓዛል፣ ሽማግሌው ቤታቸው ይቆያሉ።

ዛሬ ከገዋኔ የሚሄደው አረጋዊ በእጁ የሚይዘው የሪፈር ወረቀት ነው። መርሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ በቀናት ወይስ በዓመታት እንደባሰ፣ ሰውየው ወድቆ እንደሆነ፣ አካሄዱና ሽንቱ፣ የደም ግፊቱና መድኃኒቶቹ ከተጻፉበት፣ ምስል አንባቢው ያንን ስስ የደም ጥላ ወይም የተመናመነ ሂፖካምፐስ የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። "የጭንቅላት ምርመራ ይደረግለት" ብቻ ከተባለ ግን የሚያየው የአንድ ሽማግሌን አንጎል ነው።