የኢንፊውዥን ፓምፕ ፍጥነትን ወደ መድኃኒት መጠን መቀየር

የኢንፊውዥን ፓምፕ ፈሳሽ መድኃኒትን በደም ሥር በኩል በተወሰነ ፍጥነት ወደ ሕመምተኛው ሰውነት የሚያስገባ የሕክምና መሣሪያ ነው። ፓምፑ የሚገፋው ፈሳሽ ስለሆነ ፍጥነቱ የሚለካው በሚሊ ሊትር በሰዓት ነው። ሐኪም የሚያዝዘው ግን መድኃኒቱን ነው፤ ትእዛዙም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በማይክሮ ግራም ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በደቂቃ ነው። ስለዚህ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ነርሶች፣ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር አለባቸው። ሒሳቡ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የሚያስቸግረው የመድኃኒቱ፣ የጊዜውና የክብደቱ መለኪያ በአንድ ስሌት ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

ስሌቱ

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ ነው፤ ይህ ኮንሰንትሬሽን ይባላል። ለምሳሌ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ሲወርድ የሚሰጠው ኖርኤፒነፍሪን 4 ሚሊ ግራሙ (4000 ማይክሮ ግራም) በ250 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቢበጠበጥ፦

4000 ÷ 250 = 16 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር

ፓምፑ በሰዓት 18 ሚሊ ሊትር እየሰጠ፣ የሕመምተኛዋ ክብደት ደግሞ 48 ኪሎ ግራም ቢሆን፦

18 × 16 = 288 ማይክሮ ግራም በሰዓት
288 ÷ 60 = 4.8 ማይክሮ ግራም በደቂቃ
4.8 ÷ 48 = 0.1 ማይክሮ ግራም በኪሎ ግራም በደቂቃ

ሐኪሙ መጠኑን ወደ 0.15 ከፍ ካደረገው ስሌቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፦

0.15 × 48 × 60 ÷ 16 = 27 ሚሊ ሊትር በሰዓት

በየደረጃው ከቁጥሩ ጋር መለኪያውን መጻፍ ይጠቅማል። መለኪያዎቹ ተሰራርዘው የሚፈለገው ካልቀረ አንድ ደረጃ ተዘልሏል ማለት ነው።

ኖርኤፒነፍሪን ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ አገሮች ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው የታርትሬት ጨው ክብደት ሲሆን በሌሎች የመድኃኒቱ የራሱ ክብደት ነው። 2 ሚሊ ግራም ታርትሬት 1 ሚሊ ግራም ኖርኤፒነፍሪን ስለሚይዝ፣ ይህን ያላስተዋለ ሰው ስሌቱን በትክክል ሠርቶም ውጤቱ በእጥፍ ሊሳሳት ይችላል።

የኤድመንተን አደጋ

እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ኤድመንተን ከተማ አንዲት የካንሰር ሕመምተኛ 5250 ሚሊ ግራም ፍሎሮዩራሲል በ4 ቀን ውስጥ እንዲሰጣት ታዘዘ። ኮንሰንትሬሽኑ 45.57 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ስለነበር ጠቅላላው ፈሳሽ 115.2 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 28.8 ይሰጣል፤ ነገር ግን ይህ የአንድ ቀን መጠን ነው። ፓምፑ የሚጠይቀው የሰዓቱን ስለሆነ እንደገና ለ24 ተካፍሎ 1.2 መሆን ነበረበት። ይህ ደረጃ ተዘለለና ፓምፑ በ28.8 ተሞላ። የ4 ቀኑ መድኃኒት በ4 ሰዓት ገደማ ገባ፤ ሕመምተኛዋም ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ አረፈች።

ስሌቱን ሁለት ነርሶች አይተውት ነበር። በመድኃኒቱ መለያ ወረቀት ላይ የ24 ሰዓቱ መጠን፣ ማለትም 28.8፣ ከ1.2 ጋር አብሮ ተጽፎ ስለነበር የተሳሳተው ውጤት ወረቀቱ ያረጋገጠው መሰለ። ሁለተኛ ሰው ማየቱ የሚጠቅመው ያ ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ከትእዛዙ ተነስቶ ራሱ ሲያሰላ ነው።

ፓምፕ በሌለበት

ፓምፕ በማይገኝበት ቦታ ፈሳሹ ተሰቅሎ ጠብታው በሰዓት ይቆጠራል። ማይክሮ ድሪፕ የሚባለው ቱቦ በ1 ሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ስለሚሰጥ በደቂቃ የሚወርዱት ጠብታዎች ቁጥር ከሚሊ ሊትር በሰዓት ጋር እኩል ነው፤ 18 ጠብታ በደቂቃ ማለት 18 ሚሊ ሊትር በሰዓት ነው። በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጠው ቱቦ ግን ለዚያው ፍጥነት 6 ጠብታ ይበቃል። ሕመምተኛው ሲገላበጥ ወይም ክንዱን ሲያጥፍ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ፣ እንደ ኖርኤፒነፍሪን ላሉ ኃይለኛ መድኃኒቶች ይህ ዘዴ አስተማማኝ አይደለም።

ዘመናዊ ፓምፖች

አዳዲስ ፓምፖች የመድኃኒቱ ስም፣ ኮንሰንትሬሽኑና ክብደቱ ሲገባላቸው ስሌቱን ራሳቸው ይሠራሉ፤ መጠኑ ከተፈቀደው ወሰን ሲያልፍም ያስጠነቅቃሉ። የ48 ኪሎዋ ሕመምተኛ ክብደት በስሕተት 84 ተብሎ ቢገባ ግን በ0.1 ትእዛዝ ፓምፑ በሰዓት 31.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በመስታወቱ ላይ አሁንም 0.1 ስለሚነበብ ማስጠንቀቂያው አይጮኽም።